ሁለት ደመወዝ፣ አንድ እጅ

መብራት የተመለሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለዋለ፣ በገላን ዳርቻ ካለው የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ሠራተኞች ገሚሶቹ በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ገሚሶቹ በእጅ የሚያልቀውን ሥራ ይጨርሳሉ። አንድ የ27 ዓመት ወጣት ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ለሱቅ መዝጊያ የሚሆን ላሜራ እያሳለፈ ቅርጽ የሚያወጣው ማሽን ውስጥ ቁራጭ ተጣብቆ ቀርቶ ነበርና፣ መብራት እስኪመጣ ላውጣው ብሎ ግራ እጁን በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል አስገባ። ማብሪያው ጠዋት ኃይል ሲቋረጥ እንደተተወ ነው፤ ማንም አላጠፋውም። የማሽኑ መሸፈኛም ሥራ ያጓትታል ተብሎ ከተፈታ ዓመት አልፎት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መብራቱ መጣ፤ ሲሊንደሮቹ ዞሩ። ወጣቱ አመልካች ጣቱንና የመሐል ጣቱን አጣ።

ይህ የሆነው በየካቲት 2016 ነው። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ዱከም በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ለተሰለፉ ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ፤ የደመወዝ፣ የጡረታና የግብር ማስታወቂያቸውን አዘጋጃለሁ። ለዚህ ድርጅት ግን ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም። ባለቤቱ የጠሩኝ አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ነው። «የመድን ፋይሉን አስተካክልልኝ» አሉኝ። ማስተካከል የሚለው ቃል ምን እንደያዘ የገባኝ ቆይቶ ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ጉዳዩን የምጽፈው በአካባቢያችን ብዙ ግቢዎች ውስጥ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አንድ ልማድ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ሰው እጅ ላይ ስላየሁ ነው።

ስለ ባለቤቱ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ክፉ ሰው አይደሉም። ወጣቱን በራሳቸው መኪና አሳፍረው ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶችም ኮሪደር ላይ አድረዋል። የሕክምናውን ወጪ ሳያመነቱ ከፍለዋል። የመድን ውልም ነበራቸው። በዚያ መንገድ ዳር ካሉት እኩዮቻቸው ብዙዎቹ ለማሽኑና ለመኪናው እንጂ ለሠራተኛው መድን አይገቡም። እሳቸው ገብተው ነበር። ችግሩ የነበረው ውሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው።

የወጣቱ ደመወዝ 9,000 ብር ነበር። ይህን ባለቤቱም፣ የክፍሉ ኃላፊም፣ ሠራተኛውም፣ የግቢው ጥበቃም ያውቃል። ሠራተኛው በየወሩ የሚፈርምበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ግን 3,200 ብር ይላል። ቀሪውን 5,800 ብር ባለቤቱ ከራሳቸው ስልክ በቴሌብር ይልኩለታል። በግቢው «ላይኛው» እና «ታችኛው» ይሉታል፤ ላይኛው የሚፈረምበት፣ ታችኛው የሚላከው። አሥራ አንዱም ቋሚ ሠራተኞች ላይኛው ላይ 3,200 ብር ናቸው፤ ብየዳ ላይ አሥር ዓመት የቆየውም፣ ትናንት የመጣውም። ሦስት የቀን ሠራተኞች ደግሞ ከነጭራሹ የትም አልተጻፉም።

3,200 በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በጊዜው የ15 በመቶው እርከን የሚያበቃው እዚያ ላይ ነበር፤ ከ3,201 ብር ጀምሮ 20 በመቶ ይመጣል። ቁጥሩን የመረጠው ሰው እርከኑን በደንብ ያውቃል። የጡረታ መዋጮውም የሚሰላው በዚሁ በላይኛው ላይ ነበር፤ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ።

ሠራተኞቹም ይህን የተቀበሉት ተታልለው አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ሐሰት ይሆንብኛል። ወጣቱ በሁለቱ መንገድ፣ ከላይኛው ላይ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ፣ በወር የሚደርሰው 8,438 ብር ከ50 ነበር። 9,000ው በሙሉ መክፈያው ላይ ቢጻፍ ግብሩ 1,745 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 630 ብር ይሆንና እጁ ላይ የሚገባው 6,625 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 1,813 ብር ከ50 ነው። በገላን ጠባብ ክፍል ለሚከራይ ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ጡረታ ለ27 ዓመት ልጅ የሩቅ ወሬ ነው፤ አሥር ዓመት መዋጮ ከፍሎ፣ 60 ዓመት ሞልቶ፣ አበሉ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ሲሰላ ታችኛው እንደማይቆጠርለት ማን ቁጭ ብሎ ያስባል? ሁሉም የሚያስበው የዛሬውን ወር ነው፤ የዛሬው ወር ደግሞ በልማዱ ያተርፍ ነበር።

መድን ሰጪው ድርጅት የሚያውቀው ላይኛውን ብቻ ነው። የሠራተኞች ጉዳት መድን አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ የሚሰላው በዓመቱ ጠቅላላ የደመወዝ መጠን ላይ ነው። ባለቤቱ ውሉን ሲገቡ 11 ሠራተኞች፣ የዓመት ደመወዝ 422,400 ብር ብለው ሞልተዋል። የአረቦኑ ምጣኔ በዚህ ውል 1.2 በመቶ ስለነበር በዓመት የከፈሉት 5,068 ብር ከ80 ነው። የ14ቱ ሠራተኞች እውነተኛ ደመወዝ በወር 118,000፣ በዓመት 1,416,000 ብር ነው። እሱ ቢሞላ አረቦኑ 16,992 ብር ይሆን ነበር። ከመድኑ በኩል የተቆጠበው በዓመት 12,000 ብር እንኳ አይሞላም።

የካሳ ጥያቄው ሲቀርብ መድን ሰጪው የአደጋውን ሪፖርት፣ የሕክምና ማስረጃውንና የመጨረሻዎቹን 12 ወራት የደመወዝ መክፈያ ጠየቀ። መክፈያው 3,200 ይላል። ስለዚህ ስሌቱ በ3,200 ተጀመረ። ባለቤቱ እኔን የጠሩት በዚህ ሰዓት ነው።

ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጠን በሩን ዘግተው ነገሩኝ። አዲስ መክፈያ ይዘጋጅ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወጣቱ ደመወዝ 9,000 ተብሎ ይጻፍ፤ ይፈርምበት፤ ማኅተም ይደረግበት፤ ለመድን ሰጪውም «መጀመሪያ የላክነው የተሳሳተ ነው» እንበለው። ዝም ብዬ አዳመጥኳቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ማድረግ አልችልም» አልኳቸው።

«ለእኔ መሰለህ? ለልጁ እኮ ነው የምለው። 9,000 የሚለው ደግሞ እውነት ነው። የምንጽፈው እውነቱን ነው።»

ያ ቀን ከሙያዬ ከባዶቹ ቀናት አንዱ ነው። ያሉት እውነት ነበርና። ደመወዙ በእርግጥ 9,000 ነው፤ ልጁም በእርግጥ ይጠቀማል። ሐሰቱ ቀኑ ላይ ነው፤ ዛሬ ተጽፎ ያኔ እንደተጻፈ መቅረቡ። ለምን እንደማይሆን ላስረዳቸው የሞከርኩት በሕግና በልጁ ጥቅም በኩል ነው። የየወሩ የግብርና የጡረታ ማስታወቂያ በማኅተማቸው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ገብቷል፤ እዚያም ያለው 3,200 ነው። መድን ሰጪው ያንን ጠይቆ ቢያነጻጽር፣ ያለ ጥርጥር ያነጻጽራል፣ የሐሰት ሰነድ የሚባለው ያ ነው። የመድንን ነገር እስካሁን የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። እሱ ደግሞ ሆን ተብሎ በተሰጠ የሐሰት መግለጫ ውሉ ፈራሽ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳይታሰብ በተደረገ ስሕተት ግን ካሳው ከተከፈለው አረቦን ጋር ተመዛዝኖ እንደሚቀነስ ይለያል። ዛሬ በ3,200 የሚከፈለው ካሳ አለ። አዲስ ሰነድ ሠርተን ከተያዝን እሱም ሊቀር ይችላል። ያኔ ልጁ ሁለት ጣቱንም፣ የመድን ካሳውንም አጥቶ ቁጭ ማለቱ ነው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ በምን ይኖራል?» አሉ። ጥያቄው የእውነት ነበር።

መልሱን ያመጣችው የወጣቱ ታላቅ እህት ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ድርጅቱ ድረስ መጣች። ከመድን ሰጪው የደረሰውን ወረቀት አጣጥፋ ይዛለች። ባለቤቱን ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ለእኔ ነው የተናገረችው።

«ወንድሜ 3,200 ብር ነው የሚያገኘው ብለው ጽፈዋል። የምንኖርበት ክፍል ኪራይ ብቻ 3,500 ነው። ታዲያ እስካሁን በምን በላን?»

ከዚያ የወንድሟን ስልክ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወጣቱ የቴሌብር መልእክቶቹን አንድም አልደመሰሰም። ከጥቅምት 2014 እስከ ጥር 2016፣ 28 ወር፣ በየወሩ መጨረሻ ከአንድ ቁጥር የመጣ ገንዘብ። በመጨረሻው አንድ ዓመት መጠኑ አልተለወጠም፤ 5,800፣ 5,800፣ 5,800። ባለቤቱ ስልኩን አንስተው ወደ ታች እየገፉ አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። የገዛ ስማቸው ነው ያለው።

የቀጠሩኝ ባለቤቱ ናቸው፤ እህቲቱ አይደለችም። ቢሆንም ሁለቱም በተቀመጡበት የሚያገባቸውን ነገር ለሁለቱም ተናገርኩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ማለት ሠራተኛው ለሠራው ሥራ በመደበኛነት የሚከፈለው ነው፤ በየትኛው ወረቀት እንደተጻፈ፣ በጥሬ ገንዘብ ይሁን በስልክ፣ ይህን አይለውጠውም። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን የተቀበለ አንድ ሰው የለም። ደብዳቤ በሌለበት ዳኛ የሚያየው የስልኩን መልእክት ነው። በአዋጁ መሠረት የሚነሡ መብቶች ደግሞ በአጠቃላይ በአንድ ዓመት፣ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳሉ። ይህን የተናገርኩት ሆን ብዬ ነው። ቀኑ እንዳያልፍባት ፈልጌ ነበር።

ባለቤቱ አንድ መከራከሪያ ነበራቸው፤ በደንብ አሰቡበት፤ እኔም አሰብኩበት። «ማብሪያውን ሳያጠፋ እጁን የከተተው እሱ ነው። ማንም ግባ አላለውም» አሉ። በሥራ ላይ ጉዳት የአሠሪው ኃላፊነት ግን ጥፋት ኖረም አልኖረም ነው፤ አዋጁ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ነፃ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደሆነ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በዚህ ውስጥ ይነሣል። እዚህ የተሰጠ መመሪያ አልነበረም። በግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ፣ በፋይሉ ውስጥ አንድ የሥልጠና ፊርማ አልተገኘም። መሸፈኛውም የተፈታው በወጣቱ ሳይሆን ለአፓርታማ ግንባታ የታዘዘ ሥራ ለማድረስ በጥድፊያ ላይ በነበሩበት ሰሞን፣ ራሳቸው ባለቤቱ ባሉበት ነው። ይህን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። «እኔ ነኝ ፍቱት ያልኩት» ብቻ ነው ያሉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሁሉም የሚመዘነው እዚህ ነው።

ሠራተኛ በሥራ ላይ ተጎድቶ መሥራት ሲያቅተው እስከ አንድ ዓመት በየጊዜው የሚከፈለው አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ወጣቱ ከሥራ የቆየው አራት ወር ነው። በ3,200 ሲሰላ 12,000 ብር ይሆናል፤ በ9,000 ሲሰላ 33,750 ብር። ጉድለቱ 21,750 ብር ነው።

ለቋሚ ጉዳት የሚከፈለውን በሚመለከት አዋጁ ክፍያው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በገባው መድን ወይም በጡረታ ሕግ እንዲፈጸም ይላል፤ በጡረታ ላልተሸፈነ ሠራተኛ ግን አሠሪው ራሱ ይከፍላል፤ ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ጉዳት እንደ ጉዳቱ መጠን። የዚህ ድርጅት የመድን ውልም የተጻፈው በዚሁ በአምስት ዓመት ደመወዝ ልክ ነው። የሐኪሞች ቦርድ የወጣቱን ጉዳት 20 በመቶ ብሎ ወሰነ። በ3,200 አምስት ዓመት 192,000 ብር ነው፤ 20 በመቶው 38,400 ብር። በ9,000 አምስት ዓመት 540,000 ብር ነው፤ 20 በመቶው 108,000 ብር። ጉድለቱ 69,600 ብር ነው።

ሁለቱ ጉድለቶች አንድ ላይ 91,350 ብር ይሆናሉ። መድን ሰጪው አንድ ሳንቲም አላጎደለም፤ የተነገረውን ደመወዝ ነው የከፈለው። የጎደለው በውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው።

ለባለቤቱ ይህን ስዘረዝር መጀመሪያ የተሰማቸው ቁጣ ነበር፤ ቀጥሎ ስሌት ጀመሩ። ነጋዴ ናቸውና ስሌቱን አልተሳሳቱም። ታችኛውን ከመዝገብ በማስወጣታቸው በጡረታ መዋጮ ብቻ የሚያተርፉት በወር 9,108፣ በዓመት 109,296 ብር ነው። «አንድ አደጋ 91,000 ቢያስከፍለኝ እንኳ የአንድ ዓመቱን ትርፍ አይጨርስም» አሉ። እኔም ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

ታችኛው የት እንደሚመዘገብ አይቼ ነበር። በመዝገቡ ላይ ባለድርሻው ለግሉ የወሰደው ገንዘብ ተብሎ ነው የተያዘው። ደመወዝ ሆኖ ስላልተመዘገበ እንደ ወጪ አይቆጠርም። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። በዓመት 993,600 ብር ደመወዝ ወጪ ሆኖ ሳይቀነስ ይቀራል፤ ማለትም ያ ሁሉ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ 298,080 ብር ግብር ይከፈልበታል። 109,296 ብር ለማዳን 298,080 ብር ይከፈላል። በዚህ ላይ ከሠራተኞቹ ቀንሰው ማስገባት የነበረባቸው የገቢ ግብር በምርመራ ቢገኝ ተጠያቂው ቀናሹ አሠሪ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ይህን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ልማዱን ከጎረቤት ነው የቀሰሙት፤ ጎረቤቱም ከጎረቤቱ።

እዚህ ላይ የእኔን ሙያ ሰዎች እወቅሳለሁ። ይህን ስሌት የሚሠራ ሰው በየወሩ በዚያ ግቢ እየገባ ይወጣ ነበር፤ የሚጠየቀውን ሞልቶ፣ ማኅተም አስደርጎ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። የ3,200ን እርከን የሚያውቅ ሰው የ30 በመቶውን የማያውቅ አይመስለኝም።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የመጡት በዚህ መካከል ነው። ገላን ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ውስጥ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤም ሪፖርቱም በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው፤ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተቀምጠን ቃል በቃል አነበብነው። ትእዛዙ አጭር ነው። መሸፈኛው ይመለስ፤ መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሣ ማብሪያ ይገጠም፤ ለእያንዳንዱ ማሽን ኃላፊ ይመደብ፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይኑር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮንታክተር የሚባለውን ይህን ማብሪያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጥሞ ጨረሰ። ኃይል ሲቋረጥ ይወድቃል፤ ኃይል ሲመለስ ሰው ቁልፉን እስኪጫን አይነሣም። ከነድካሙ 6,000 ብር አልሞላም። ወጣቱ በዚያ ጊዜ ገና እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ አጠገቡ ቆሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቁልፉን ሲሞክር ያይ ነበር። ምንም አልተናገረም። እኔም ምን እንደምለው አላገኘሁም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ባለቤቱ 21,750 ብሩን ከመጋቢት ጀምሮ ከየወሩ ክፍያ ጋር አያያዙት። የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ የመጣው በነሐሴ ነው፤ መድን ሰጪው 38,400 ብሩን የከፈለው በጥቅምት 2017። በዚያው ወር፣ የይርጋው አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እህቲቱና ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ባሉበት የጽሑፍ ስምምነት ተፈረመ፤ 69,600 ብር፣ በስድስት ወር፣ በየወሩ 11,600። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ተከፍሎ አለቀ። የታኅሣሡ አሥራ ሁለት ቀን ዘገየ፤ እህቲቱ ደወለችልኝ፤ እኔም ለባለቤቱ ደወልኩ፤ በማግሥቱ ገባ። ወጣቱ በንብረት ክፍል ተመድቦ ተመለሰ፤ ደመወዙ አልተነካም። ያልተከፈለለት የጡረታ መዋጮ በወር 1,044 ብር ነበር፤ የሁለቱም ወገን ድርሻ ተደምሮ። የማስታወቂያ እርማቱንና የቅጣቱን ጉዳይ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር የጨረስንበት መንገድ ረጅም ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። እዚህ ይህን ያህል ልበል፦ በራስ ፈቃድ አርሞ መቅረብ በምርመራ ከመያዝ በብዙ ይቀላል፤ ክፍያውም በጊዜ ተከፋፍሏል።

ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ታችኛው ቀረ። አሥራ አራቱም ሠራተኞች የሥራ ውል ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ሦስቱ የቀን ሠራተኞችም ጭምር። ደመወዛቸው በሙሉ መክፈያው ላይ ሰፈረ። ባለቤቱ እጃቸው ላይ የሚገባው እንዳይቀንስ ጥቂት ጨመሩ፤ 9,000 የነበረው 10,500 ሆነ። አልበቃም። ከ10,500 ግብሩ 2,195፣ ጡረታው 735 ሲቀነስ የሚተርፈው 7,570 ብር ነው፤ ድሮ ግን 8,438 ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በተከፈለበት ቀን ግቢው ውስጥ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። አንዱ «የእሱ እጅ ተቆረጠ፤ የእኛ ደግሞ ደመወዝ ተቆረጠ» አለ። የተጎዳው ወጣት እዚያው ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ወደ ንብረት ክፍሉ ገባ።

ስብሰባ ጠራን። መድኑን፣ ጡረታውን፣ የአምስት ዓመቱን ስሌት በሰሌዳ ጻፍኩ። አንድ ጎልማሳ በያጅ እጁን አወጣ። «ልጄ፣ የምትለው ገብቶኛል። እኔ ግን የቤት ኪራይ የምከፍለው በዚህ ወር ነው» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ወሰን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ እርከኖቹን ካሰፋ በኋላ የ10,500 ብር ደመወዝተኛ ግብር ወደ 1,800 ወረደ፤ የሚተርፈውም 7,965 ብር ሆነ። ከድሮው አሁንም ያንሳል። የሠራተኛው እጅና የአሠሪው መዝገብ አንድ ላይ ንጹሕ እንዲሆኑ ከተፈለገ ልዩነቱን የሚሸፍነው የደመወዝ ጭማሪ ነው። ለዚህ ድርጅት ጭማሪው ከትርፍ ግብሩ ከሚቀነሰው ሊወጣ ይችላል። ይህን ለባለቤቱ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ግማሹን ተቀብለዋል፤ ግማሹን እያሰቡበት ነው።

ያ በያጅ በነሐሴ 2016 ለቀቀ። ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው መንገድ ዳር ያለ ሌላ ግቢ ገባ። እዚያ ላይኛውና ታችኛው እንደ ድሮው አለ።

በመስከረም 2018 ደወለልኝ። አዲሱ ቦታ ታችኛውን በስልክ አይልኩም፤ በእጅ ነው የሚሰጡት፤ መልእክት የለውም። «ምን ላድርግ?» አለኝ። የተቀበለበትን ቀንና መጠኑን በደብተር እንዲጽፍ፣ ከተቻለም ወዲያው ባንክ እንዲያስገባው፣ ከሁሉም በፊት ግን የሥራ ውል ደብዳቤ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የድሮው ቦታ ሰው ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ብየዳው ላይ ሰው ተቀጥሯል፤ ላሜራ ማሽኑ ላይ ግን ክፍት ቦታ አለ አልኩት።

«መሸፈኛው አለ?»

«አለ» አልኩት።

«ሰኞ እመጣለሁ በላቸው» አለኝ።